ሰፈሩ ሁሉ የተሞሸረበት ሱፍ

እትዬ ሥርጉት ልብስ አጣቢ ናቸው። ስለ እሳቸው ልጽፍ ብዬ ስቀመጥ ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፣ ያውም ቸርች ውስጥ ከልጆች ጋር ተቀምጬ። ቃሉ ካላማረ ይቅር በሉኝ። ከእጃቸው ልጀምር።

እጃቸው ከሌላው ገላቸው ጋር አይመሳሰልም። ፊታቸው ጠይም ነው፤ ከክርናቸው በታች ግን ውሃ ውስጥ የከረመ ነገር ይመስላል፣ ነጣ ብሎ ተጨማዷል። ሲጨብጡኝ መዳፋቸው ይቀዘቅዘኛል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። በወጣትነታቸው ከሲግናል ሰፈር ከፍ ብለው ባሉት ግቢዎች እየዞሩ አጥበዋል። ኋላ ሰዉ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ሥራው ቀዘቀዘባቸውና ወደ መሪ ኮንዶሚኒየም ዞሩ። እዚያ ማሽን ያለው ሰው እንኳ ብርድ ልብሱንና መጋረጃውን ማሽኑን አምኖ አይሰጠውም። ለእሳቸው ነው የሚሰጠው።

የምንኖረው ቀበና፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ ፉፋ እባላለሁ። ከወለጋ መጥቼ ያንን ቤት ስከራይ መጀመሪያ በሬን አንኳኩተው ሰላም ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሥራዬ ሲግናል፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ቤት ውስጥ ነው። እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ። ሰርግም ለቅሶም ስብሰባም ለእኔ ያው ወንበር ነው።

እትዬ ሥርጉት ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ጋሽ ለይኩን፣ አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። እና ደግሞ ሱፉ አለ። ሱፉን ሳልጽፍ ስለ ሁለቱ መጻፍ አልችልም። ሌላው ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራው እነሱ ስለ ሱፉ ነበር የሚያወሩት። "ዛሬ ደክሞታል"፣ "ትናንት ዝናብ አገኘው"፣ "አሁን ደህና ነው"።

ሱፉ ግራጫ ነው። ጋሽ ለይኩን እትዬ ሥርጉትን ሲያገቡ የተሰፋ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ተቀባበለው። ሙሽራ ሆኖ የሚለብሰው ያጣ፣ ለሥራ ፈተና የሚሄድ፣ ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ፣ ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሳ፣ ሁሉም የእትዬ ሥርጉትን በር ነው የሚያንኳኳው። ኪራይ የለውም። ያለው ደንብ አንድ ነው፤ ያልታጠበ ገላ ላይ አይለበስም።

"ታጥበሃል?" ይላሉ በሩ ላይ ቆመው።

"አዎ እትዬ።"

"አንገትህን አሳየኝ።"

ጢም ያለው፣ ልጆች የወለደ ሰው እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ማጅራቱን ያሳያል። ካላመኑ ሳሙና ሰጥተው ወደ ቧንቧው ይመልሱታል።

ለረጅም ሰው የሱሪው እግር ይፈታል፣ ለአጭር ይታጠፋል። ወገቡ ይጠባል፣ ይሰፋል። ከዚያ ብዛት የሱሪው እግር ከውስጥ በኩል የመርፌ ቀዳዳ በመስመር በመስመር ሆኖበታል። የኮቱ የውስጥ ኪስ ተበስቶ ነበረና ከተሰበረ ዣንጥላ ላይ ጨርቅ ቀደው ጠግነውታል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሲመለስ ደግሞ ብሩሽ ይደረጋል፣ ነጠብጣቡ በጣት ተፈልጎ ይታጠባል፣ ርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በከሰል ካውያ ይተኮሳል፣ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ይሰቀላል።

እኔም የተሞሸርኩት በእሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። የእኔና የቀጸላ ሰርግ በአንድ ቀን ዋለ። ቀጸላ ጎረቤታችን ነው፣ ቀጭን፣ እንደ ሸምበቆ። እሱ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ከሰዓት በቸርቻችን። ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ጋሽ ለይኩን ከደጃፍ ሆነው፣

"ቀጸላ፣ አንተ ነህ ኮቱን የለበስከው ወይስ ኮቱ ነው አንተን የለበሰህ?" ብለውት ግቢው በሳቅ ሞተ።

እሱ ግን ፎቶ ላይ ሄዶ ቀረ። የእኔ ሚዜዎች መኪና ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ እኔ በሱፉ ሱሪና በሸሚዝ ነኝ። መናገር አልቻልኩም፤ መናገር ያለብኝ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድልድዩን ተሻግረው ሄዱ። ቀጸላን አበባ መሃል ከሙሽራዋ ጎን አገኙት።

"አውልቅ።"

"እትዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ..."

"ሚስትህን አግኝተሃል፤ ኮቱን ለሌላው ልቀቅለት!"

ሰርገኛው እልል አለ፣ እሳቸው ኮቱን ይዘው እየሮጡ መጡ። ካውያው ግቢ ውስጥ ግሎ ይጠብቃል። ሲያለብሱኝ ጀርባዬ ላይ ሙቀቱ እስካሁን ይሰማኛል። በዚያ ጥድፊያ መሃል እንኳ፣

"አንገትህን፣" አሉኝ።

እንግዲህ ጋሽ ለይኩን ባለፈው ኅዳር ዐረፉ። ስኳር ነበረባቸው። ሊያርፉ ሰሞን እኔ ትራሳቸውን ከፍ ሳደርግላቸው እትዬ ሥርጉትን ጠሯቸውና እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤

"ሱፉን ሰፈር ውስጥ ለማንም እንዳትሰጪ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሚለብሰው ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር የለይኩን ነው እያሉ ያሳቅቁታል። ለማያውቀኝ ሰው ስጪው። እሱ ነፍስ ይማር ካለኝ ይበቃኛል።"

"እስከ አርባህ ሰው ላይ አደርሰዋለሁ፣" አሏቸው።

ቃል ገቡ ማለት ነው። በእኛ በኩል ለሞተ ሰው ጸሎት የለም። ይሄንን እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔም የእሳቸውን አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ተከራክረንበት አናውቅም። የማውቀው፣ ከቀብሩ በኋላ ሲነሱም ሲቀመጡም ያች ቃል ነበረች የምታስጨንቃቸው። ለቅሶተኛው ሲበተን "ሱፉ" አሉኝ፤ ሌላ አላሉም።

መሪ ኮንዶሚኒየም ልብስ የሚያጥቡላት ማዕረግ የምትባል አስተማሪ አለች። እሷ ናት ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያለውን ሳጥን ያሳየቻቸው። አረንጓዴ ሳጥን ነው፣ ቅጠል ተስሎበታል። "ልብስዎን አይጣሉ፣ ለእኛ ይስጡ፤ ሌላ ሕይወት ይኑረው" ይላል። ማዕረግ አነበበችላቸው።

"የማያውቀው ሰው ጋ ይደርሳል?" ብለው ጠየቋት።

"በጣም እንጂ እትዬ! የት አገር እንደሚሄድ እንኳ አይታወቅም።"

እሳቸውም እንደ ጋሽ ለይኩን ቃል ሆነልኝ አሉ። ሱፉን አጠቡት። ተኮሱት። በሻሹ ጠቀለሉት። ሳጥኑ አፍ ላይ ከከተቱት በኋላ ደግሞ ግራ ቀኝ አይተው፣ አፋቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው፣ "የለይኩን ነው፤ ነፍስ ይማር በሉ" አሉት። ይሄን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው።

"ሳጥን አናገርኩ እኮ ፉፋዬ። ምን ላድርግ፣ የሚቀበለኝ ሰው የለው።"

እኔም አልሳቅሁም። የሟች ልብስ ሲሰጥ የሟቹ ስም ይነገራል፤ ተቀባዩም ነፍስ ይማር ይላል። ሳጥኑ አፍ እንጂ ጆሮ እንደሌለው ማን ይንገራቸው።

አርባው እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሥራ ወጣልን። ሳጥኖቹን ያስቀመጠው ልብስ የሚሠራ ድርጅት ነው የጠራን። ስሙን አልጽፈውም። ዛፉ መሃል የልብስ ትርኢት አለ ተባለ። የተጣለ ልብስ እየሰበሰቡ አዲስ ልብስ ይሠራሉ፣ ለምድርም ለአየርም ደግ ነው፣ ዘላቂ ፋሽን ይባላል ብሎ ሹፌሩ አስረዳን። እኔ ስሰማው ደስ አለኝ። የቀጸላን ሰርግና የእኔን አስቤ ሳቅሁም።

የድርጅቱ ባለቤት ሔራን ትባላለች። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ እጇ ላይ ሁለት ስልክ። መጥፎ ልጅ አትመስልም። ለሁላችንም ስማችንን ጠየቀች፣ ወዲያው ደግሞ ረሳችው። ወንበሩን በግራና በቀኝ ደረደርን፤ በመሃሉ ረጅም መተላለፊያ፣ መሬቱ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ሞዴሎቹ የሚሄዱበት ነው። ባሕር ዛፉ ላይ የፕላስቲክ ቅጠል ሲያንጠለጥሉ አየሁ። ዛፍ ላይ የፕላስቲክ ቅጠል። የእኔ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ከየሳጥኑ የተሰበሰበ ልብስ የያዙ ጆንያዎች መጡ። መተላለፊያው ላይ ልብስ አፈሰሱበት። ሐሳቡ፣ ሞዴሎቹ በተጣለ ልብስ ክምር ላይ እየረገጡ ይሄዳሉ፤ እንግዳውም ዓለም ስንት ልብስ እንደሚጥል አይቶ ይደንግጥ ነው። ልብሱ ሲፈስ ግን ሽታው መጣ። ሳሙና። ንጹሕ ሳሙና። ሁሉም ታጥቧል። የተተኮሰ ነው፣ የታጠፈ ነው። አንዱ ቀሚስ በሪባን ታስሯል። ጋቢ አለ እንደ በረዶ የነጣ። የሕፃን ሹራብ አለ ቁልፉ አንድ በአንድ የተቆለፈ።

ሔራን መጥታ አየችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"ኦ ኖ! ይሄ ምንድን ነው? ሎንደሪ አስመሰላችሁት እኮ!"

"ሲመጣ እንዲሁ ነው፣" አላት አንዱ ሠራተኛዋ። "ሰዉ አጥቦ ነው የሚከተው።"

"ዌስት መምሰል አለበት! ሰው ሲያየው ማስጠላት አለበት፣ ኮንሰፕቱ እሱ ነው። ቆሻሻ አድርጉት።"

የውሃ ቦቴ አስመጡ። እንጦጦ ላይ፣ በታኅሣሥ። እኛ ቀበና ውሃ በፈረቃ ነው፣ እትዬ ሥርጉት ለአንድ ባልዲ ከጎረቤት ጋር ተራ ይጠብቃሉ። እዚህ ቦቴ ሙሉ ውሃ ቀይ አፈር ላይ ደፉና አቦኩት። ጭቃውን በአካፋ እያነሱ በልብሱ ላይ ጣሉት። ሠራተኞቿ በቦት ጫማ ረገጡት፣ አሹት። ነጩ ጋቢ ላይ አንዱ ቆሞ በጫማው ሲጠርግበት አየሁ። እንዳይንቀሳቀስም ልብሱን ከላስቲኩ ጋር በሙጫ ለጠፉት። ሰው ንጹሕ ያደረገውን ነገር፣ ቆሻሻ ነበር ለማለት ማቆሸሽ። እስካሁን ሳስበው ምራቄ ይመርራል።

ሱፉን ያየሁት ያኔ ነው። ኮቱ በጀርባው ተንጋሎ ተለጥፏል፣ አንዱ ወገን ተገልጧል፣ ከውስጥ ጥቁር የጥላ ጨርቅ ያብረቀርቃል። ሱሪው ከጎኑ። የመርፌውን መስመር አየሁ። ከእነዚያ መስመሮች አንዱ የእኔ ነው።

ወደ ሔራን ሄድኩ።

"እህቴ፣ ይሄ... ይሄን ልብስ አውቀዋለሁ።"

"ወንድሜ፣ ወንበሩ አለቀ?"

"አይ፣ የጎረቤቴ ነው። የእትዬ ሥርጉት..."

"ሰጥተውት ነዋ። ዶኔሽን ነው እኮ።"

"ለድሃ የሚሰጥ መስሏቸው ነው።"

"ሳጥኑ ላይ ለድሃ ይላል?" አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፣ ፈገግ ብላ ነው። "አይልም።"

እውነቷን ነው፣ አይልም። ሰው ነው እንደዚያ ያነበበው። መሪም ሲግናልም፣ ያ ሁሉ ሰው በር ላይ የልብስ ሳጥን ሲያይ ሌላ ነገር አልመጣለትም። ከዛፉ ኋላ ሄጄ ለእትዬ ሥርጉት ደወልኩ።

"ሱፉን አገኘሁት፣" አልኳቸው።

"ማን ለበሰው?" አሉኝ። ድምፃቸው ፈካ አለ።

"ማንም አልለበሰውም እትዬ። ይምጡ።"

በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ታክሲ ይዘው እስኪወጡ ትርኢቱ ተጀመረ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ከጢሱ ጋር የባሕር ዛፉ ሽታ ተቀላቅሏል። እንግዳው በየወንበሩ አንድ አንድ የፕላስቲክ ውሃ ይዞ ተቀምጧል። ሔራን ማይክ ይዛ ስለ ልብስ ተናገረች፤ ልብስን ማክበር አለብን፣ ከእያንዳንዱ ልብስ ኋላ ሰው አለ አለች። አጨበጨቡላት። እኔ ከኋላ ቆሜ ኮቱን ብቻ ነበር የማየው።

ሞዴሎቹ ወጡ። የለበሱት ነገር ከቁርጥራጭ የተሠራ ነው፣ ቆንጆ ነው፤ አስቀያሚ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን ጫማቸው ባለ ተረከዝ ነው። የመጀመሪያዋ ጋቢውን ረገጠች። ሁለተኛዋ የሕፃኑን ሹራብ። አንዲት ረጅም ልጅ ኮቱ ጋ ስትደርስ ተረከዟ ትከሻው ላይ ሰጠመ፤ ሚዛኗን ለመጠበቅ ጫን ብላ አዞረችው። እኔ ጀርባዬ ላይ የተሰማኝ መሰለኝ።

እትዬ ሥርጉት ሲመጡ መግቢያው ላይ ጥበቃው አገዳቸው።

"እናቴ፣ በጥሪ ነው።"

"ከእኔ ጋር ናቸው፣" አልኩት። ከየት እንደወጣልኝ አላውቅም።

"አንተ ወንበር አይደለህ እንዴ?"

"ወንበር ነኝ። እሳቸውም ወንበር ናቸው። አሳልፋቸው።"

ሳቀና አሳለፋቸው። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቀዋል። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆመው አዩ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው፤ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ከዚያ በባዶ እግራቸው ልብሱን እንዳይረግጡ በመሃል በመሃል ላስቲኩን እየፈለጉ፣ ጭቃውን እየዳበሱ ገቡ። ሞዴሎቹ ቆሙ። ሙዚቃው ግን ቀጥሏል። ኮቱ ጋ ደርሰው ተንበረከኩና ያዙት። ሙጫው አልለቅ አላቸው። ሳቡት። ጥርርር አለ። ሱሪውንም ሳቡት። ሁለቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተነሱ።

እንግዳው አጨበጨበ።

እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ። አንዳንዱ ቆሞ። ስልኩ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ "ዋው፣ ፐርፎርማንሱ ኢሞሽናል ነው!" አለች፣ ዓይኗንም ጠረገች። እኔ ያኔ ነው የተጸየፍኩት። ከጭቃው ይልቅ ያ ጭብጨባ።

ሔራን ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ ጭብጨባውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ የኮቱን እጅጌ ያዘች። እኔም ጫማቸውን ይዤ ደርሼ ነበርና ሰማኋት።

"እማማ፣ በጣም አሪፍ ነበር። ግን ዋናው ካሜራ አልያዘዎትም። መልሰው ያስቀምጡትና እንደገና ያንሱልን።"

"ምን ላድርግ?"

"መሬቱ ላይ። እንደነበረው። ከዚያ ልክ እንደ ቅድሙ..."

እትዬ ሥርጉት ረጋ ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ ነፍስ ይማር ብለሽለታል?"

"ለማን?"

"ለባለቤቱ።"

የሔራን እጅ ከእጅጌው ላይ እሳት እንደነካው ተነሳ። "ሞቷል እንዴ?!"

"ነገ አርባው ነው። አንቺ ምን መሰለሽ? ሰው በደህና ቀኑ ሱፉን አጥቦ ተኩሶ በሻሽ ጠቅልሎ ይሰጣል?" በአገጫቸው መሬቱን አሳዩአት። "ይሄ አብዛኛው የሟች ነው።"

ረጅሟ ልጅ ቅርብ ነበረችና ሰማች። "የምን?! በኢየሱስ ስም!" ብላ እንደ ፌንጣ ሣሩ ላይ ዘለለች። ሌላዋ "ምንድን ነው?" አለች። "የሬሳ ነው አሉ!" "የምን ሬሳ?" በአንዴ ሁሉም ከመተላለፊያው ዘለው ወጡ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችው። ፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ሱሪው ላይ የተፈናጠቀውን ጭቃ በሶፍት እየጠረገ ሳኒታይዘር ያለው ብሎ ጮኸ። ሔራን እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ ደግማ ትጠርጋለች። ንጹሑን ልብስ ጭቃ ሲያደርጉት፣ ተረከዝ ሲያቆሙበት ማንንም አልቀፈፈውም ነበር። ነፍስ ይማር ሲባል ቀፈፋቸው።

"ጫማዬን ስጠኝ ፉፋዬ፣" አሉ እትዬ ሥርጉት። "እንሂድ።"

ወንበሩን ጥዬ አብሬአቸው ወጣሁ። አለቃዬ በስልክ ያለኝን እዚህ አልጽፍም።

በመንገዱ ቁልቁል ወረድን። ኮቱ እየተንጠባጠበ ቀሚሳቸውን ቀይ አድርጎታል። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው ጀርባውን ገልብጠው አዩት። ሙጫው መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ጨርቁን ይዞ ቀርቷል።

"እንዲህ ሆኖ ለማን ይሰጣል?" አሉ። "ነገ ነው እኮ። ለይኩንን ምን እለዋለሁ?"

የሚጎተተውን የሱሪ እግር ሰብስቤ ያዝኩላቸው።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመንገዱ ላይ ይጠርጋሉ። በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበዋል፣ ሁለቱም ክርናቸው ጋ ተቀድዷል። አይተናቸው አናውቅም። ጥቁር የለበሰች ሴት ጭቃ የሆነ የወንድ ልብስ አቅፋ ሲያዩ መጥረጊያቸውን አቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እናት ዓለም፣ ማን ሞተብሽ?"

"ባለቤቴ።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"ለይኩን።"

"ለይኩንን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።"

ንፋሱ ይነፍሳል፣ ሰውየው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ማንም ምንም ሳይሰጣቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እኔ ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ።

"አባቴ፣" አሉ እትዬ ሥርጉት ቆይተው፣ "እስቲ ቀና ይበሉ።"

"ምን?"

"ቀጥ ብለው ይቁሙ።" ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በዓይናቸው ለኩአቸው። ስንት ሙሽራ በዚያ ዓይን ተለክቷል። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ይገኛሉ?"

"ወዴት እሄዳለሁ?"

ስማቸውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት እትዬ ሥርጉት እጄን ያዙኝ።

"ተው። ለማያውቀኝ ስጪው ነው ያለኝ ለይኩን።"

ቤት ስንገባ ውሃ አልነበረም፣ የእኛ ፈረቃ አይደለም። ለመጠጥ የቀረውን ጀሪካን ባልዲው ላይ ገለበጡት። እኔ ከቸርች ጓደኞቼ ቤት ሌላ ጀሪካን ተሸክሜ አመጣሁ። ባልዲው ደም መሰለ፤ ደፍተው ሌላ ቀዱ፣ እሱም ቀላ፣ ደፍተው ሌላ ቀዱ። ያቺ የነጣች እጃቸው ጥፍሯ ሥር ቀይ አፈር ገባባት። ለአርባው ሊረዱ የመጡት ሴቶች ሽንኩርቱን እየከተፉ፣ "እትዬ፣ ለእሱ ነገር ሌላ ቀን የለም?" ሲሏቸው እሳቸው ማሸታቸውን ቀጠሉ። የሙጫውን ቦታ ቆርጠው ከውስጥ በጥላው ጨርቅ ትራፊ ጠገኑት። ካውያው ግሎ ቀረበ። ከኮቱ ላይ እንፋሎት ሲነሳ የእንጦጦ አፈር ሸተተ።

እሑድ ተዝካሩ ሳይጀመር እሳቸው ከቅዳሴ እንደወጡ ቀጥ ብለን ወደ እንጦጦ ወጣን። ሱፉ ገና ብብቱ ሥር ርጥብ ነበር። ሽማግሌው ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ ሥርጉት ሻሹን እየፈቱ ከልማድ የተነሳ "ታጥበ..." ብለው ጀመሩና ቃሉን ዋጡት። ሰውየው ግን ታጥበዋል። ፊታቸው ቅባት ይዟል፣ ፀጉራቸው ርጥብ ነው፣ በዚያ ብርድ። ሳይባሉ ጎንበስ ብለው ኮቱን ለመልበስ ሲዞሩ ማጅራታቸውን አየሁት፤ ቀይ እስኪሆን ታሽቷል።

ልክ ሆነላቸው። የሱሪው እግር ትንሽ አጥሮ ነበርና እትዬ ሥርጉት እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክከው ፈቱላቸው። ሰውየው "ለይኩንን ነፍስ ይማር" አሉ ደግመው፣ ስሙን አልረሱትም። እትዬ ሥርጉት "አሜን" አሉ፤ ከኅዳር ወዲህ ሸክም እንደጣለ ሰው ትከሻቸው ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው።

ሔራን ዘንድ ምን እንደሆነ ብዙም አላውቅም። የሥራ ጓደኛዬ በስልኩ አንድ ፎቶ አሳየኝ። እትዬ ሥርጉት ተንበርክከው ኮቱን ሲስቡ ነው። ከሥሩ "ልብስን እናክብር" ይላል፤ የድርጅቱ ስምም አለበት። ሰዉ ልብ እየላከበት ነው። የቀረውን ልብስ ያን ዕለት ከላስቲኩ ጋር ጠቅልለው በመኪና ጭነው ሄዱ አለኝ። ጋቢውም ሹራቡም ማለት ነው። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀም። ስልኩን መለስኩለት። ምሳ ሰዓት ነበር፣ አልበላሁም።

ለእትዬ ሥርጉት ስለ ፎቶው አልነገርኳቸውም። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከነክናቸው። ያን እሑድ ሽማግሌው ኮቱን ለብሰው ሲያበቁ የግራ ትከሻቸውን ዳበሱ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ትንሽ ናት፣ ሳንቲም የምታህል፣ ክብ፣ ቀላ ያለች።

"የጫማ ተረከዝ ነው፣" አሉ እትዬ ሥርጉት። "አልለቅ አለኝ። ስንት ጊዜ አጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ።"

"የማን ጫማ?"

እትዬ ሥርጉት አንገታቸውን ደፉ። ልብስ አጥቤ አልለቅ አለኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰውየውም አንገታቸው ላይ የነበረችውን ፎጣ አንስተው ትከሻቸው ላይ፣ እዚያች ቦታ ላይ ጣል አደረጉባትና መጥረጊያቸውን አነሱ።